ለካቨርን ኮርስ ምን ዓይነት ፊንና ዌትሱት ልግዛ?

የሱሉልታዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። የዳይቪንግ መነሻ ኮርሶቼን ጅቡቲ ጨርሻለሁ። ኅዳር ላይ ደግሞ ሜክሲኮ፣ ቱሉም፣ የካቨርን ኮርስ ልወስድ ተመዝግቤያለሁ። ለማያውቅ ሰው፦ ካቨርን የሚባለው የዋሻው አፍ አካባቢ፣ የቀን ብርሃን የሚታይበት ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማው ዋሻ ራሱን የቻለ ሌላ ኮርስ አለው።

አክስቴ ለመስቀል ከሜሪላንድ ትመጣለች። «የምትፈልጊውን አዝዘሽ እኔ ቤት ይድረስ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላኛለች። ችግሩ ሻንጣዋ በሰው አደራ ሞልቷል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ስድስት ሰባት ኪሎ ቢሆን ነው።

ያለኝ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) ረጅም፣ ለስላሳ፣ መሃሉ የተሰነጠቀው ዓይነት ነው። መምህሩ በኢሜይል «እሱን አታምጪ» አለኝና ዘጋው፣ ምክንያቱን አልነገረኝም። ዌትሱቴ (ለሙቀት የሚለበሰው የላስቲክ ልብስ) ውፍረቱ 3 ሚሊ ነው፣ ጅቡቲ ላይ በቂ ነበር። 5 ሚሊ ልግዛ ወይስ 7? አንድ ወዳጄ ደግሞ ድራይሱት (ውሃ ጨርሶ የማያስገባውን ልብስ) ካልያዝሽ አትሂጂ ይለኛል። ሁድ (የራስ መሸፈኛው) እና ጓንትስ ያስፈልጋል? ብርድ አልችልም፤ እዚህ ሱሉልታ ሰው በአንድ ሹራብ ሲወጣ እኔ ሁለት ደርቤ ነው የምወጣው።

ደለል አታስነሳ

መምህርሽ አሳጠረው እንጂ ልክ ነው። ዋሻ ወለል ላይ የተኛው ደለል በጣም የላመ ነው። እግርን ላይና ታች እያፈራረቁ ሲመቱ የሚገፋው ውሃ ወደ ወለሉ ይወርድና ያነሳዋል። አንዴ ከተነሳ ውሃው አጥሚት ይሆናል፤ የራስሽን እጅ አታይም፣ እስኪረጋም ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ባሕር ላይ ቢሆን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ እዚያ ግን ከራስሽ በላይ ያለው ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ዋሻ ውስጥ ጉልበት ይታጠፋል፣ ፊኑ ከሰውነት ከፍ ይላል፣ እግሮች ወደ ጎን ተከፍተው ይገጥማሉ። ፍሮግ ኪክ የሚሉት ይሄ ነው፤ ውሃው ወደ ኋላ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ኮርሱ ላይ ወደ ኋላ መቅዘፍና ባሉበት መዞርም አለ። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው አጭር፣ ሰፊና ግትር ያለ ፊን ነው። የተሰነጠቀው ላይና ታች ለሚመታ ሰው ጉልበት ይቆጥባል፣ አልክድም። ወደ ኋላ ልቅዘፍ ስትዪ ግን ይተጣጠፍና ውሃውን አይዝልሽም።

የስኩባፕሮ ጄት ፊን ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስካሁን የሚሸጠው ለዚህ ነው። ቅርጹን የሚመስሉ ከሌሎች ፋብሪካዎችም አሉ፣ በስሙ አትያዢ። ተረከዝ ላይ የሚያስረው ግን የላስቲክ ቀበቶ ሳይሆን የብረት ስፕሪንግ ይሁን። የላስቲኩ ጫፍና ማጠፊያው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የመመለሻው ገመድ (መውጫውን ለማግኘት ዋሻው ውስጥ የሚዘረጋው) ደግሞ የሚጠመደው እዚያው ላይ ነው። ስፕሪንግ ካጣሽ የቀበቶውን ጫፍ ወደ ውስጥ አዙረሽ በቴፕ ጠቅልይው።

ኪሎ ቆጣሪ

ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ጄት ፊን ብለሽ ከማዘዝሽ በፊት ሚዛን ላይ አስቢው። የጎማው ፊን ጥንዱ 3 ኪሎ አካባቢ ነው። ከአክስትሽ ሻንጣ የደረሰሽን ግማሹን በላው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከባድ ፊን የድራይሱት ለባሾች ወዳጅ ነው፤ በድራይሱት ውስጥ አየሩ ወደ እግር ይሄድና እግር ስለሚንሳፈፍ ያ ክብደት ያስተካክለዋል። ቀጠን ያለ ዌትሱት ለብሰሽ ከባድ ፊን ስታደርጊ ግን እግርሽ ወደ ታች ይጎትታል፣ ሰውነትሽ ያዘነብላል፣ የምትቀዝፊው ውሃ ተመልሶ ወለሉን ይመታል። ከደለል ለመሸሽ የገዛሽው ፊን ደለሉን አስነሳ ማለት ነው። ያንኑ ቅርጽ ይዘው ከቀላል ነገር የተሠሩ ፊኖች አሉ፣ ውሃ ውስጥ አይሰምጡም አይንሳፈፉም ለማለት ይቻላል። ለአንቺ እነሱን እመርጣለሁ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ገንዳ ውስጥ ሙሉ ትጥቅሽን አድርገሽ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ በይ፣ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ከዚያ ምንም አትንቀሳቀሺ። ትንፋሽሽን ግን አትያዢ። ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ መጀመሪያ የወረደው እግርሽ ከሆነ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው።

ደለል አታስነሳ

እግር ወረደ ተብሎ ፊን አይጣልም እኮ። የአየር ታንኩን በማሰሪያው ትንሽ ወደ ራስ ከፍ ማድረግ፣ ከወገብ እርሳሱን (ለመስጠም የሚታሰረውን ክብደት) አንስቶ ወደ ትከሻ መውሰድ ይቻላል። የጎማ ፊን አይሰበርም፣ ስንት ዓመት ያገለግላል። በሻንጣው ኪሎ ግን ተሸንፌያለሁ፣ ቀላሉን ትውሰድ።

ብርድ ያውቀኛል

ፊኑን ተዉትና ወደ ልብሱ እንሂድ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚፈጥን ሁኔታ ነው። ቱሉም አካባቢ ያሉት ሴኖቴዎች (ውሃ የሞላባቸው የዋሻ አፎች) ውሃቸው ዓመቱን ሙሉ 24 እና 25 ዲግሪ ነው። ስትሰሚው ሞቃት ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ውሃው የበለጠ ይሞቃል፣ አንቺም እየዋኘሽ ነው። እዚህ ደግሞ ኮርስ ነው፦ ገመድ መዘርጋት፣ ማስክ ሳይኖር ገመዱን እየዳሰሱ መውጣት፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ባለበት ቆሞ መጠበቅ። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ትገቢያለሽ፤ ብርዱ የሚይዝሽ በሁለተኛው ላይ ነው። የበረደው ሰው አየር ቶሎ ይጨርሳል፣ ጣቱም ገመድ ማሰር ያቅተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ለአንቺ የምመክረው 7 ሚሊ ከነሁዱ፣ ወይም ከሥሩ ሁድ ያለው ሰደርያ የተደረበበት 5 ሚሊ ነው። ሁለተኛው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ሰደርያውን ጅቡቲ ስትሄጂ ታወልቂዋለሽ። 3 ሚሊውን እርሺው።

ድራይሱቱን ለወዳጅሽ ተዪለት። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ አጠቃቀሙም ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው፤ አየሩን ማስገባት፣ ማስወጣት፣ እግር ላይ እንዳይከማች መቆጣጠር አለ። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አይማሩም። ፈረንሳይ ሎት አካባቢ ያሉት ዋሻዎች ውሃቸው 13 እና 14 ዲግሪ ስለሆነ እዚያ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ፍሎሪዳ ምንጮቹ 20 እስከ 22 ናቸው፣ ብዙ ሰው እዚያም ድራይሱት ይለብሳል። ቱሉም ላይም ሰዓታት የሚቆዩ የዋሻ ሰዎች ይለብሱታል፤ አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም።

ከውፍረቱ ይልቅ ልክሽ መሆኑ ይበልጣል። ለብሰሽ ቁጢጥ በይ፣ እጅሽን አንሺ። ወገብሽ ላይ ከጀርባ በኩል ልብሱን ስትጎትቺው እፍኝ የሚያህል ክፍተት ካለ ውሃ እየገባ ይወጣል፣ 7 ሚሊም ቢሆን አያሞቅሽም። አንገቱም እንዲሁ። ለዚህ ነው ዌትሱት ሳልለካ በኢንተርኔት ግዢ የማልለው። ቱሉም ላይ የሚያከራዩ አሉ፣ ለመምህርሽ ቁመትና ኪሎሽን ልከሽ ጠይቂው። ሻንጣውን ለፊን፣ ለቡት፣ ለሁድ ሰደርያውና ለማስክ አውይው።

ጓንት አትግዢ፣ ገመዱን በጣትሽ ማወቅ አለብሽ። ስኖርክልም (የመተንፈሻ ቱቦው) ዋሻ ውስጥ አይገባም። ደግሞ ሴኖቴ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ስለሆነ (ከታች ጨዋማው የሚጀምርባቸው ቢኖሩም) ጅቡቲ ከያዝሽው እርሳስ ሁለት ኪሎ ገደማ ይቀነሳል። ልብሱ ሲወፍር ደግሞ መልሶ ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ቀን እዚያው ይለካ።

አልፎ ሂያጅ

ሶፍ ዑመር ቁጭ ብሎልን ሜክሲኮ ድረስ?

ብርድ ያውቀኛል

ወንድሜ፣ ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ነው፣ ግን ዌይብ ወንዝ ነው የሚሮጥበት። በበጋ በእግር ለሚጎበኝ ሰው ድንቅ ነው። ለጠለቃ ኮርስ የሚፈለገው የጠራ፣ የረጋ ውሃና የተዘረጋ ቋሚ ገመድ ነው፤ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ውስጥ ማንም አያስተምርሽም።

የድሮ ጠላቂ

ልጄ፣ ስለ ፊኑ በቂ ሰው ነግሮሻል። እኔ ስለ ቤትሽ ልንገርሽ። ከጠለቃ በኋላ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ሳይወጣ ግፊቱ ከቀነሰ አረፋ ሆኖ ይጎዳል፤ ከፍታ የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሱሉልታ 2,700 አካባቢ። የአውሮፕላን ካቢን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለው ያህል ነው። ሌላ አገር ጠላቂው ከአውሮፕላን ሲወርድ ግፊቱ ይመለስለታል። አንቺ ግን ከጅቡቲ መጥተሽ ሱሉልታ ቤትሽ ስትገቢ ከካቢኑ በሳሳ አየር ውስጥ ሆነሽ ታድሪያለሽ። ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ከተጠለቀ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት የሚባለው የተሰላው ለካቢን ከፍታ እንጂ ለእንጦጦ ማዶ አይደለም። እኔ ለጅቡቲው አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላ አልነሳም፣ በባቡርም ቢሆን። ከቱሉም ስትመለሺ መንገዱ ራሱ ረጅም ነው፣ ግን ከመጀመሪያው በረራ በፊት ያለውን ሰዓት አታሳጥሪ።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ሄደሽ አዲሱን ፊን ልሞክር እንዳትዪ ደግሞ። እዚያ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ የጠለቃ ኮምፒውተሩ ከፍታውን ማወቅ አለበት፣ ለባሕር የተሠራው የጠለቃ ሰዓት ሰንጠረዥ አይሠራም፣ ማታ ደግሞ 800 ሜትር ወደ ላይ ትመለሻለሽ። ፍሮግ ኪክ ለመልመድ ጥልቀት አያስፈልግም። የሁለት ሜትር ገንዳ ይበቃል፣ በማስክና በስኖርክል ብቻ እንኳ ትለምጂዋለሽ።

ማስቲሽ

የሱሉልታ ፀሐይ ብርዱን አይታችሁ አትናቋት። ከፍታ ላይ ጨረሩ ይበረታል፣ ኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበትን) እና ላስቲክ ያደርቃል። በሳፋ ንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ጥላ ላይ፣ ሰፊ መስቀያ ላይ ስቀይው። ማስጫ ገመድ ላይ አጥፈሽ አትጣዪው፣ እጥፋቱ እንደዚያው ይቀራል። ትንሽ ቀደድ ካለ የጫማ ሰፊ ማስቲሽ ይይዘዋል፤ ሁለቱንም ጎን ቀብተሽ፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቀሽ ግጠሚው።

የሱሉልታዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ስለ ከፍታው ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣ ጋሼ። እንግዲህ ቀላሉን አጭር ፊን ከነስፕሪንጉ፣ ቡት፣ ሁድ ያለው ሰደርያ አዝዛለሁ፤ 5 ሚሊውን እዚያው እከራያለሁ። የቀረኝ የፊን ቁጥር ነው። ጫማዬ 38 ነው፣ ስሞል ይሆነኛል?

ኪሎ ቆጣሪ

በጫማ ቁጥር አትዘዢ። ፊኑ የሚገባው በእግርሽ ላይ ሳይሆን በቡቱ ላይ ነው፣ የአንዱ ፋብሪካ ስሞል ለሌላው ሚዲየም ነው። ቡቱን አስቀድመሽ ምረጪ፤ ሴኖቴ ላይ ደረጃና ድንጋይ ስላለ ሶሉ ጠንከር ያለውን ውሰጂ። ወረቀት ላይ ቆመሽ እግርሽን በእስክሪብቶ ክበቢ፣ በሴንቲሜትር ለክተሽ ለአክስትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ቡቱ ሲደርሳት የሶሉን ርዝመትና ስፋት ለክታ ትንገርሽና ፊኑን በዚያ ትመርጫለሽ። ነሐሴ ሳይገባ ጀምሪ፣ ካልሆነ የሚመለስበት ጊዜ ይኑራት።