ታብሌቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መምህርቷን እንዴት ላግዛቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን። የ2ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህርት በቴክኖሎጂ እንዳግዛቸው ተመድቤያለሁ። ንባብ ማስተማሩን ከእኔ በላይ ያውቁበታል። ታብሌት ሲባል ግን «እኔን ተወኝ ልጄ» ይላሉ። ፕሮጀክተር የለም፣ መብራቱም እንዳሻው ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልጠና ምናምን ብለህ አታስጨንቃቸው። የሳምንቱን ምንባብ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ድምፅ ይቅረጹት። ልጆቹ እየሰሙ ጽሑፉን በጣት ይከተላሉ። አማርኛ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቱ ጠብቆ የቱ ላልቶ እንደሚነበብ ፊደሉ አያሳይማ፣ ልጁ በጆሮው ነው የሚይዘው። ደግሞ ስልኩን አንተ አትንካው። ቢዘገዩም እሳቸው ይጫኑት።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል የልጆች ታሪክ ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ አጫጭር ታሪኮች በነጻ አሉ። ዋይፋይ ያለበት አውርድና ክፍል ውስጥ ያለ ኔት ክፈተው። የትኛው ለክፍሉ እንደሚመጥን ግን እሳቸው ይምረጡ፣ እዚያ ላይ አለቃው እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ፦ ይቅርታ ግን 60 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ታብሌት ምን ይፈይዳል?

ሌላ መልስ፦ በቡድን ነዋ! አንዱ ቡድን ታብሌቱን ያዳምጣል፣ ሌላው መጽሐፉን ያነባል፣ እሳቸው ደግሞ ፊደል ገና ካልለዩት ጋር ይቀመጣሉ።