የዘይት ፍሪሲዮን ላላችሁ የጎጃም ሞተረኞች፦ ምን ይገዛ፣ ማን ይሥራው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም ከፍኖተ ሰላም ደወለልኝ። የሞተሩ ፍሪሲዮን በዘይት የሚሠራ ነው። እጀታው ላልቷል፤ ማርሽ ሲያስገባ ይንጫጫበታል። «ከውጭ ሙሉ ኪት ላስመጣ ወይስ እዚሁ ይሠራልኛል?» አለኝ። በስልክ አጠር አድርጌ መለስኩለት። እዚህ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ያው ችግር ያለባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ገንዘባችሁን የታችኛው ፓምፕ ላይ አውሉት። የሚያምረው እጀታም፣ በብረት የተጠለፈው ቱቦም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሥራውን ደግሞ የኢሱዙ ፍሪሲዮን ለሚሠራ ሰው ስጡት።

ለምን የታችኛው ፓምፕ? እጀታውን ስትጨብጡ መሪው ላይ ያለው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ በቱቦው ወርዶ የታችኛውን ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ዘንጉን ገፍቶ የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ያላቅቃል። እንደ እኔዋ ኬቲኤም ባሉት ሞተሮች ላይ ይህ የታችኛው ፓምፕ በግራ በኩል፣ ካቴናውን ከሚያዞረው የፊት ጥርስ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ካቴናው የሚያመጣው ቆሻሻ በሙሉ እሱ ላይ ይራገፋል። በክረምት ከደብረ ወርቅ ወደ ብቸና የነዳ ሰው የመረሬን ጭቃ ያውቀዋል። ገብቶ ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ከዚያ ደቃቁ አሸዋ በጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ በሚይዘው የፒስተን ጎማ) ሥር እየገባ የፓምፑን ውስጥ ይፍቀዋል። አሉሚኒየም ስለሆነ ቶሎ ይጫራል።

እኔ ይህን ሳላውቅ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ጎሚኒ አስቀይሬያለሁ። ጋራዡ በቀየረው ቁጥር ለጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና ዘይት ያንጠባጥባል። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጭነት መኪና የሚሠሩ አንድ ጋሼ ፓምፑን ፈተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉኝ። ጥፍሬ መሃል ላይ ያዝ አደረገው። ጭረት ነበር። «በዚህ ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ብር መጣል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናንተም ጎሚኒ ከመግዛታችሁ በፊት ጥፍራችሁን አሳልፉበት።

ጭረት ካለ አራት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ፋብሪካው የሠራውን ኦሪጅናል ማስመጣት ነው። ልክ ይገባል፣ ጣጣ የለውም። ግን ውድ ነው፤ እስኪመጣም ትጠብቃላችሁ። የቦታው ችግር እንዳለ ስለሆነም ጭቃው እንደገና ያገኘዋል።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ኦበሮን ነው። ለኬቲኤም፣ ለዱካቲና ለሌሎችም ይሠራል። ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም ተቆርጦ የወጣ ነው፤ አሠራሩ ጠንካራ ነው። ከውጭ የሚመጣላችሁ ዘመድ ካለ ምርጫዬ ይህ ነው። ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሃል ይገባል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከውጭ የሚገዙ ፓምፖች ብዙ ጊዜ ፒስተናቸው ከኦሪጅናሉ ሰፋ ይላል። ለምሳሌ 28 ሚሊሜትሩን በ30 ብትተኩት እጀታው በ13 በመቶ ገደማ ይቀላል። እጅ ለሚደክመው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዘንጉ የሚገፋበት ርቀትም በዚያው 13 በመቶ ያጥራል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ሞተሯ ማርሽ ላይ ሆና፣ እጀታው ተጨብጦም ወደፊት መሳብ ከጀመረች ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ስለመቅለሉ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ፒስተን ስፋት በካሊፐር ለኩ።

ሦስተኛው የቻይና ኮፒ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልልም። የቡሬ ጓደኛዬ አንድ ክረምት ነድቶበታል። ከመግጠማችሁ በፊት ግን ፈታችሁ ውስጡን እዩ፤ ያልጸዳ የብረት ብናኝ ተቀምጦበት አይቻለሁ።

አራተኛው ቶርኖ ቤት ነው፤ እኔም የተጠቀምኩት እሱን ነው። የተጫረውን ውስጥ በቶርኖ አስፍተው የነሐስ ካሚቻ፣ ማለትም ውስጡን የሚያለብስ ቀለበት፣ ያስገቡበታል፤ ከዚያ በትክክለኛው ልክ መልሰው ይቀዱታል። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም የሚችሉ ሰዎች አሉ። ወጪው ከአዲስ ፓምፕ በጣም ይወርዳል። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ልኩን በምን ይለካሉ፣ መጨረሻ ላይስ በምን ያለሰልሱታል? «በብርጭቆ ወረቀት» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ውስጡ እንደ መስታወት ልስልስ ካልሆነ ጎሚኒውን ይበላዋል። የእኔ ከተሠራ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላየሁም። የፊት ጥርሱ ላይም የተቀደደ የጎማ ምንጣፍ ቆርጬ መከላከያ አድርጌለታለሁ። ይህ ምንም አያስወጣም፤ ሁላችሁም አድርጉት።

አሁን ወደ ባለሙያው ልምጣ። በየከተማው የሞተር መካኒክ ሞልቷል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ግን የኬብል ፍሪሲዮን ነው፤ የሚመጣላቸው እሱ ነውና። ኢሱዙ ኤንፒአር ግን ፍሪሲዮኑ በዘይት ነው የሚሠራው። የላይ ፓምፕ፣ የታች ፓምፕ፣ ጎሚኒ፣ አየር ማውጣት፤ እነዚህን ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያውላቸው ይሄ ነው። ከእኛ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ኢሱዙ ሠሪ ካጣችሁ ባጃጅ የሚሠሩ ልጆች አሉ። የባጃጅ ፍሬን በፈሳሽ ስለሚሠራ አየር ማውጣቱን ያውቁበታል። ፓምፕ መፍታት ላይ ግን አልመክራቸውም።

የሎደርና የትራክተር ቱቦ የሚጨምቁ ቤቶች ጋ ሄዳችሁ የፍሪሲዮን ቱቦ እንዳታሠሩ። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ቱቦው ጠንካራ ነው። ግን የተሠራው ለሃይድሮሊክ ዘይት ስለሆነ የውስጡ ጎማ ከፍሬን ዘይት ጋር አይስማማም። እያበጠ ይበሰብሳል። ቱቦ መቀየር ካለባችሁ ውስጡ ቴፍሎን፣ ውጩ በብረት የተጠለፈውን ግዙ፤ ሄል፣ ጋልፈር፣ ጉድሪጅ ጥሩ ናቸው። ስትገዙ የብሎኑን ጥርስ አረጋግጡ። ብሬምቦ ፓምፕ ባለ 10 ሚሊሜትር ብሎን ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.0 ሚሊሜትር ነው። የጃፓኖቹ 1.25 ነው። በግድ ካሰራችሁት የፓምፑን ጥርስ ታጠፋላችሁ። የመዳብ ሮንዴላዎቹንም በተፈታ ቁጥር በአዲስ ተኩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ በሚሄድ ሰው አስር ያህል አስመጥታችሁ ብታስቀምጡ ይበጃል። መንገድ ሲቋረጥ በአንዲት ሮንዴላ ምክንያት ሞተር ይቆማል።

ስለ ዘይቱ። «የዘይት ፍሪሲዮን» ስለምንለው የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ ተጠንቀቁ። መሪው ላይ ባለው የዘይት ቋት ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት 4 ካለ የመኪና ፍሬን ዘይት ነው፤ በየማደያውና በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል። ዶት 5.1 ከእሱ ጋር ይቀላቀላል። ዶት 5 ግን ሲሊከን ስለሆነ ፈጽሞ አይቀላቀልም። እንደ ማጉራ ሃይሜክ ያሉት፣ የኬብሉን ወደ ዘይት የሚቀይሩ ኪቶች ደግሞ የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። የአንዱን ለሌላው ከሰጣችሁ ጎሚኒው ያብጣል። ክዳኑ ከጠፋና ምን እንዳለበት ካላወቃችሁ ጠብታ ወስዳችሁ ውኃ ላይ ጣሉ። የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይዋሃዳል፤ የማዕድኑ ይንሳፈፋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲገባው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የታችኛው ፓምፕ ደግሞ የሚግለው ሞተር ላይ የተለጠፈ ነው። ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከተሳቢ ኋላ ሆናችሁ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ግማሽ እየያዛችሁ ነው የምትሄዱት። አሮጌ ዘይት እዚያ ላይ ፈልቶ ያጋልጣችኋል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት። ጥቁር ከሆነ ዓመቱን አትጠብቁ።

ሌላም አለ። የፍሪሲዮን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት ከፍ ይላል። ከፍሬኑ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እስከ አፉ አትሙሉት።

አየር ሲወጣ ከላይ ወደ ታች መግፋት ብዙ ያለፋል። አየር ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ ከታች ሙሉት። ከፋርማሲ 60 ሚሊ ሲሪንጅና ቀጭን ቱቦ ግዙ፤ በታችኛው ፓምፕ የአየር ማውጫ ብሎን በኩል ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከላይ ቋቱ እንዳይፈስ የሚያይ ሰው ይኑር። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡት። ትንሽ አየር ከቀረ እጀታውን ከመሪው ጋር አስራችሁ አሳድሩት።

ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ያላችሁ «የኬብሉን ወደ ዘይት የሚቀይር ኪት መጥቷል፣ ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። ለእነዚህ ሞተሮች አልመክርም። ሸራው ትንሽ ነው፣ እጀታውም ከመጀመሪያው ቀላል ነው። አዲስ ጥሩ ኬብል ግዙ፣ ውስጡን ዘይት አጠጡት፣ የእጀታውን ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ላላ አድርጉለት። ኬብል ቢበጠስ የትኛውም የገጠር ከተማ ታገኙታላችሁ። የዚያ ኪት ጎሚኒ ቢቀደድ ግን ሞጣ ላይ ማን ይሰጣችኋል?

የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ፣ ፓምፑን እስክታሠራ ድረስ ሞተሯን ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነብህ ቤንዚኑን ለቀቅ ስታደርግ ማርሹ ያለ ፍሪሲዮን ይገባልሃል። ለመነሳት ሞተሯን አስነስተህ፣ ዜሮ ላይ ሆነህ በእግርህ ግፋና አንደኛውን ምታ። ከመቆምህ በፊት ግን እየሄደች ዜሮ አግኝ። በገበያ ቀን ከተማ መሃል አትሞክረው።