ወደ ጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ለመመለስ፦ በየት በኩልና በየትኛው ወር?

ጠያቂዋ (ከባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ። በ2011 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በሚሄደው መርከብ ተሳፍረን ነበር። መርከቡ አመሻሽ ላይ ቁንዝላ ደርሶ አደረና ጎሕ ሲቀድ ስለ ተነሣ፣ ጎጃምና ጎንደር የሚዋሰኑበትን ያን ጸጥ ያለ አገር ያየነው ከውኃው ላይ ሆነን በሩቁ ብቻ ነው። እናቴ አቸፈር ተወልዳ በልጅነቷ የወጣች ስለሆነች፣ ደልጊን እስክናልፍ ድረስ ዓይኗን ከዳርቻው አልነቀለችም፤ ከዚያ ወዲህም «አንድ ጊዜ መልሰሽ ውሰጂኝ» ማለቷን አላቋረጠችም። አሁን 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል። የስድስት ቀን ፈቃድ ስላለኝ ቁንዝላን፣ ደቅ ደሴትን፣ ደልጊንና ቢቻል ሻሁራን ለማየት አስበናል። በውኃ መሄድ ይሻለናል ወይስ በዱርቤቴ በኩል በመኪና? ከጥቅምትና ከጥር ወር የቱ ይመረጣል? አገሩን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቁንዝላ ተወላጅ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሻሁራን ከዕቅድዎ ያውጡት። መንገዱ ከዱርቤቴ ተነሥቶ በቁንዝላ አድርጎ ወደ ሻሁራና ወደ ቋራው ገለጎ የሚዘልቅ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዘው ቢሄዱ ግን ከስድስቱ ቀን ሁለቱ በመኪና ውስጥ ያልቃሉ። እናትዎ የሚናፍቁት አቸፈርን ከሆነ፣ ሦስቱን ቀን ለቁንዝላና ለአካባቢው ገጠር ይስጡት። የእኛ አገር ሰው እንግዳን የሚያጫውተው ሲረጋጋ ነው፤ በተለይ ሽማግሌዎቹ የዘር ሐረግ ቆጥረው ዘመድ እስኪያገናኙ ድረስ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለእናትዎ ከማንኛውም እይታ የሚበልጠውም ይኸው ይመስለኛል።

ስለ ወሩ የእኔ ምርጫ ጥር ነው። በጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ አገሩ አረንጓዴ ስለሚሆን ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ጥቁሩ አፈር ገና አልደረቀም፤ ገበሬውም ከእርሻው አይለይም። በጥር ዳጉሳውም ጤፉም ጎተራ ገብቶ ሰው ቤቱ ይገኛል። ከዚህ አልፎ እስከ ግንቦት ካዘገዩት ግን ውኃው ስለሚሸሽ ዳርቻው ጭቃ ይሆናል፤ ከጀልባ መውረዱም ለእናትዎ ከባድ ነው።

በጣና ላይ ለዓመታት የሠራሁ፦

በወሩ ከወንድሜ ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቀኑን አስቡበት። ጥር 7 የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ደቅ ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ትነግሣለች፤ ጥር የሠርግም ወር በመሆኑ ጀልባው ሁሉ ይሞላል። እናትዎ ንግሥ የሚወዱ ከሆነ በዚያ ቀን መገኘት መታደል ነው፤ ጸጥታ ከፈለጉ ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይሂዱ።

ናርጋን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በግድግዳው ሥዕል ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ለውኃው ቅርብ ስለሆነች ዳገት የለባትም፤ ሴቶችም ይገባሉ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ ግን በአጠገቡ ቢሆንም ተራራማ ነው፤ ሴትም አይገባበትም፤ ስለዚህ ለእርሱ ብላችሁ ጊዜ አትመድቡ።

በውኃ ሂዱ፤ ደቅን ለማየት ሌላ መንገድ የለም። የመርከቡ ቀን ስለሚለዋወጥ ወደቡ ድረስ ሄደው ይጠይቁ። ትንሽ ጀልባ ከተከራዩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው ከቀትር በፊት መድረስ አለባችሁ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ያስፈራል። ለሁለታችሁም የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳያዩ እንዳይሳፈሩ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የጤና ባለሙያ፦

ዳርቻው ወባማ ስለሆነ አጎበር ይያዙ። በጣና ውኃ ብልሃርዚያ አለና እናትዎ እግራቸውን ለማቀዝቀዝ ብለው እንኳ ዳር ላይ እንዳይነከሩ ይጠንቀቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ባሉት ቀናት እዚያው ቁንዝላና ደልጊ ላለ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ፤ «አይሆንም» ካሏችሁም ቀኑን ለመቀየር አታመንቱ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ሳነብላት ናርጋ ሴት ይገባል የሚለውን ደግማ አስነበበችኝ። ሻሁራን ትቼዋለሁ፤ ደልጊንም ቀን ከተረፈን ብቻ እናየዋለን። ሰላም ከሆነ ጥር 5 ተነሥተን፣ ንግሡን ናርጋ ውለን፣ የቀረውን ቀን ቁንዝላ እንቀመጣለን። ወንድሜ የቁንዝላው፣ እናቴ የአባቷን ስም ይዛ የምትጠይቃቸው ሽማግሌዎች የሚገኙት በገበያ ቀን ነው ወይስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ?

የቁንዝላ ተወላጅ፦

ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። በገበያ ቀን ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩላል፤ እሑድ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል።