ኮፑ አዲስ አበባ ሲመጣ የወሎን ገበሬ ወክሎ የሚገባው ማነው?

ጦሳ ስር፦ እንዴት አመሻችሁ ያገሬ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ2027 ኮፕ 32 አዲስ አበባ ነው ተብሏል፣ ያው የተባበሩት መንግስታት የአየር ንብረት ጉባኤ። ትናንት ቡና ላይ አንዱ ጓደኛችን "ኤንጂኦዎች ባይኖሩ መንግስታቱ ተስማምተው ይሸጡናል" ሲል ሌላው "ማን መረጣቸውና!" ብሎ ጦፈ፣ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ፣ አለም አቀፍ ፖሊሲ ላይ ኤንጂኦ ምን አገባው?

ቦርከና ማዶ፦ ምንም አያገባውም። አንድ ድርጅት (ስሙን ተዉት) እኛ ቀበሌ ችግኝ አስተክሎ ትልቅ ሰሌዳ ገትሮ ፎቶውን ተነስቶ ሄደ፣ ችግኙ ጥር ሳይወጣ ደረቀ ሰሌዳው ግን እስካሁን አለ ፍየል ይታከክበታል። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ስለኛ ለአለም የሚናገሩት 😂

የሐይቅ ዳር፦ ወንድሜ ሰሌዳ የሚተክለውና ጉባኤ የሚገባው ሁሌ አንድ አይደለም እኮ። እዛ ኤንጂኦ ድምፅ አይሰጥም፣ በፈረንጆቹ 1992 በተፈረመው የአየር ንብረት ስምምነት መሰረት ታዛቢ ነው፣ ከአባል አገራቱ ሲሶው ከተቃወመ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ስራው ሌላ ነው። ትናንሽ የደሴት አገራት ጠበቃ እንኳ በቅጡ ሳይኖራቸው ከአሜሪካ ጋ ሲደራደሩ ፊልድ የሚባል የለንደን የህግ ባለሙያዎች ድርጅት ነው ረቂቅ ሲያነብላቸውና ሲፅፍላቸው የነበረው። የአየር ለውጥ ላደረሰብን ጉዳት ካሳ ይከፈለን የሚለውን ሀሳብ የደሴት አገሯ ቫኑዋቱ ያነሳችው በ1991 ነው፣ ፈንዱ ይቋቋም የተባለው በ2022 ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ጉባኤ ላይ። ያን ሁሉ አመት ጉዳዩ እንዳይረሳ ከአገራቱ ጎን ሆነው ሲጮሁ የኖሩት እነማን ይመስሉሀል?

ቆቦ ጊራና፦ እሺ ግን በዛው በር ማን እንደሚገባም ተናገር እንጂ። "መንግስታዊ ያልሆነ" ሲባል የኩባንያዎች ማህበርም እኮ ኤንጂኦ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ዱባይ ኮፕ 28 ላይ የነዳጅ ሎቢስቶች (ለነዳጅ ኩባንያዎች ጥቅም የሚወተውቱ) 2,456 ነበሩ፣ ብዙዎቹ በንግድ ማህበር የመግቢያ ባጅ የገቡ። ጅቡንም ፍየሏንም ታዛቢ ብለህ አንድ በረት ማስገባት ነው ይሄ

የሐይቅ ዳር፦ ልክ ነህ፣ ግን 2,456 ብሎ የቆጠረልህ ማነው? ራሳቸው ኤንጂኦዎቹ ናቸው ስም ዝርዝሩን አንድ በአንድ ለቅመው። መንግስታት አልነገሩህም 🙂

ቦርከና ማዶ፦ መቁጠር ሌላ መወከል ሌላ። ኮፐንሀገን 2009 አስታውስ፣ መለስ አፍሪካን ወክሎ በ2020 በአመት 100 ቢሊዮን ዶላር ይሰጠን ብሎ ሲደራደር ናይሮቢ የተቀመጠ የኤንጂኦዎች ህብረት ተነስቶ አፍሪካን አሳልፎ ሰጠ አለው። መለስን እወደዋለሁ አልወደውም ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን ቢያንስ የአፍሪካ መሪዎች ናቸው የላኩት። እነሱን ማን ላካቸው?

የሐይቅ ዳር፦ ማንም አይላካቸው፣ ያሉት ልክ ሆነ አልሆነም? ሀብታም አገራት ቃል የገቡት 100 ቢሊዮን የሞላው ሁለት አመት ዘግይቶ በ2022 ነው። ለ2020 ሰጠን ያሉትን 83.3 ቢሊዮን ኦክስፋም የሚባለው ኤንጂኦ ሲመረምረው ብዙው ብድር ስለሆነ እውነተኛ ዋጋው ቢበዛ 24.5 ቢሊዮን ነው አለ። አየሩን ያበላሸው ሌላ፣ ተበድረን የምንከፍለው እኛ፣ ይሄን እንኳ የሚነግረን አንፈልግም ነው የምትለው?

የ77 ልጅ፦ ልጆች ትንሽ ልበላችሁ። እኔ ኮረም መጠለያ ፋፋ በልቼ ነው የተረፍኩት፣ የሰጠችኝ ነጭ ነርስ ፊቷ እስካሁን አይጠፋብኝም፣ ስለዚህ ኤንጂኦ ሲሰደብ ደስ አይለኝም። ግን ያኔም ካሜራ ይዞ የመጣው ሁሉ ፊታችንን ወሰደ እንጂ "ከብቱ ያለቀው መቼ ነው፣ ዝናቡ ከቀረ ስንት አመት ሆነው" ብሎ አባቴን የጠየቀው አልነበረም። አባቴ ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር፣ ከ66ቱ ጀምሮ።

ቦርከና ማዶ፦ ጋሼ ይሄን ነው እኮ እኔ የምለው

የ77 ልጅ፦ አይ አንተ ይውጡ ነው የምትለው። እኔ ይጠይቁን ነው ያልኩት።

መርሳ ማንጎ፦ እኔ ኤንጂኦ ነው የምሰራው አትስደቡኝ 🙏 ግን ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ሪፖርቴን የሚያነበው ዶነር ነው፣ ገበሬው አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ደሞ አንድ ነገር አትርሱ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 የወጣው አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያመጣ ድርጅት በመብትና መሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሰራ ከልክሎ ነበር፣ በ2011 ነው የተሻረው። አስር አመት ሙሉ ስንዴ አከፋፍሉ ጉድጓድ ቆፍሩ እንጂ አትናገሩ ተብለን ስንኖር መንግስትን ፊት ለፊት መሞገት የሚችል ሰው ከየት ይምጣ፣ የናይሮቢዎቹ እኮ ዝም ብሎ አይደለም የቀደሙን።

የኩታበር ልጅ፦ ክርክሩን ሳነብ ነው የቆየሁት። አባቴ የበልግ ገብስ ገበሬ ነው፣ በልግ በቀረ ቁጥር በግ ሸጠን ነው የምንከርመው፣ የአለም ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ አይጨምር ምናምን ብትሉት አይገባውም፣ ዝናቡ በየትኛው ወር እንደሸሸ ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ኮፑ አዲስ አበባ ነው ካላችሁ አውቶብስ ተሳፍሮ መሄድ ነው። እንዴት ነው የሚገባው?

የሐይቅ ዳር፦ የታዛቢ ባጅ ለግለሰብ አይሰጥም፣ በተመዘገበ ድርጅት ነው። የታዛቢ ዘርፎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ አንዱ የገበሬዎች ነው

የኩታበር ልጅ፦ አሪፍ፣ አባቴ የህብረት ስራ ማህበር አባል ነው። በዩኒየኑ አይገባም?

የሐይቅ ዳር፦ እእእ... ለትርፍ ያልቆመ መሆን አለበት። ዩኒየን ለአባላቱ የትርፍ ድርሻ ያከፋፍላል

ቆቦ ጊራና፦ ቆይ ቆይ። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ማህበር ለትርፍ አልቆመም፣ የኩታበር ገብስ ገበሬ ግን ለትርፍ ቆሟል?? 😂😂 ወላሂ ጉድ ነው

ቦርከና ማዶ፦ 😂😂😂 በቃ ተሸነፍክ

የሐይቅ ዳር፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። መርሳ፣ የናንተ ድርጅት ተመዝግቧል?

መርሳ ማንጎ፦ ዋና መስሪያ ቤቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ባጁ በኮታ ነው ያው አለቆች ይወስዱታል። ሰኞ እጠይቃለሁ። ኩታበር፣ አባትህ ስንት አመታቸው ነው፣ ፓስፖርት ምናምን አያስፈልግም መሰለኝ መታወቂያ አላቸው?

የኩታበር ልጅ፦ የቀበሌ አለው፣ የታደሰ ግን አይመስለኝም