«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ እልፍ ስንት ነው?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ትናንት ከፍራንኮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ረዳቱ አንዲትን እናት «እናቴ፣ ትንሽ እልፍ ይበሉ» ቢላቸው፣ ቦታ እየለቀቁ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ብለው መለሱለት። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለቱ «እልፍ» አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሁለት? የሒሳብ መምህርት ነኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለት ቃላት ናቸው። የፊተኛው «አለፈ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ «ፈቀቅ አለ»፣ «ብድግ አለ» እንደምንለው «እልፍ አለ» እንላለን። ግሱ በግእዝ «ኀለፈ» ነው፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፍ። የኋለኛው መነሻው አ የሆነ ቁጥር ነው፤ 10,000። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስላቀላቀለ ሁለቱ መንታ መሰሉ፤ ተረቱም ውበቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። የዕብራይስጡ «ኤሌፍ» እና የዐረብኛው «አልፍ» የቁጥሩ ዘመዶች ሲሆኑ ትርጉማቸው 1,000 ነው። ግእዝ ግን ሺህን «ዐሠርቱ ምእት» ብሎ ፲፻ ይጽፋል፤ እልፍን ለ10,000 አዋለው።

ሌላ አስተያየት፦ «እልፍ ጊዜ ነግሬሃለሁ» የሚል ሰው ቆጥሮ አይደለም። ቃሉ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ማለት አይደለምን?

መልስ፦ በአነጋገር ነው፤ ቁጥርነቱ ሲረሳ ግን ያሳዝነኛል። ሴቶቹ «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ብለው ሲዘፍኑ ንጉሡን ያስቆጣው አሥር እጥፉ ነው። እልፍ «ብዙ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ንጽጽር ባልከረረ ነበር።

ደግሞስ እንዴት ያለ ቁጥር ነው! አራት ሁለቶችና አራት አምስቶች ተባዝተው ይሰጡታል፤ ሌላ ብቸኛ ቁጥር አይገባበትም። ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 25 ናቸው፤ 1 ከ10,000፣ 2 ከ5,000፣ 4 ከ2,500 ጋር እየተጣመሩ ይሄዳሉ። መቶ ብቻ ጥንዱ ራሱ ነው፣ ብዛታቸው ጎዶሎ የሆነውም ስለዚህ ነው። ለ3፣ ለ9፣ ለ11 ወይም ለ101 ሲካፈል ደግሞ ሁልጊዜ 1 ይተርፋል፤ 9,999 ለአራቱም እኩል ይካፈላልና። እስኪ 9,999ን በግእዝ ይጻፉት፦ ፺፱፻፺፱። አምስት ምልክት ነው። ከዚያ በአንድ እልፍ ሲሉ ሁሉም ተጠቅልሎ ፼ ይሆናል።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ጠዋት ፺፱፻፺፱ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን «አንድ ጨምሩበት» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ወጥቶ ፻፻ ብሎ ጻፈ፤ መቶ መቶዎች ማለቱ ነው። ተሳስተሃል ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ጠመኔውን ተቀብዬ ሁለቱን አቀራርቤ ባገናኛቸው ፼ ሆኑ።