ኦሊምፖስ ማለት በእርግጥ «ሁለመናው የሚያበራ» ማለት ነው?

ሚኒ ሚድያ፦ ለትምህርት ቤታችን ግድግዳ መጽሔት ስለ ግሪኮች የአማልክት ተራራ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ጽሑፍ ስሙ «ሁለመናው የሚያበራ» ማለት ነው ይላል፣ ሌላው ትርጉሙ አይታወቅም። የቱን ልያዝ? ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ስንሄድ «ወራጅ» የምንልበት ኦሎምፒያስ ስሙ ከተራራው ነው?

ጥንተ ቃል፦ «የሚያበራ»ን ተወው። «ሆሎስ» (ሙሉ) እና «ላምፖ» (አበራለሁ) ተገጣጥመው የተፈጠረ የጥንት ሰዎች ግምት ነው። «ሆሎስ» በ«ህ» ድምፅ ይጀምራል፣ የተራራው ስም ግን ያ ድምፅ የለውም። «ላምፖ» ላይ ያለው አናባቢ «ኣ» ነው፤ በስሙ ውስጥ ያለው ደግሞ ጥንት ከንፈር አሞጥሙጠው «ኢ» የሚሉት ዓይነት። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ግጥም «ኡሊምፖስ» ተብሎም ይገኛል። በግሪክኛ ሥር ስለማይፈታ፣ ግሪኮች አገሩን ከመያዛቸው በፊት ከነበረ ቋንቋ የተወረሰ ነው ተብሎ ይታመናል። ትርጉሙም «ተራራ» ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስትጽፍ «ሳይሆን አይቀርም»ን እንዳታወጣት።

ካርታ ወዳድ፦ ለዚህ የሚያደላው የስሙ ብዛት ነው። ዋናው በግሪክ አውራጃዎች በቴሳሊና በመቄዶንያ መካከል ያለው ነው፤ ሚቲካስ የሚባለው ጫፉ 2,917 ሜትር ይደርሳል። ቆጵሮስም ኦሊምፖስ አላት፣ 1,952 ሜትር። ሌስቦስም አላት። ቱርክ ውስጥ ቡርሳ አጠገብ ያለው የሚሲያ ኦሊምፖስ በቢዛንታይን ዘመን የመነኮሳት መናኸሪያ ስለነበር ቱርኮች «የመነኩሴ ተራራ» ሲሉት ኖረዋል፤ ዛሬ ኡሉዳግ፣ «ታላቅ ተራራ» ነው። የአገሬው ሰው «ጋራ» ሲል መጤው የተጸውዖ ስም አድርጎ ቢወስደው ውጤቱ ይኸው ነው።

ጥንተ ቃል፦ ወደ ኦሎምፒያ ልመለስ። ከኦሊምፖስ «ኦሊምፒዮስ» የሚለው የአማልክቱ አለቃ የዜኡስ ቅጽል ወጣ፤ ከቅጽሉ በደቡብ ግሪክ በኤሊስ ያለው የዜኡስ መቅደስ ኦሊምፒያ ተባለ፤ የኦሎምፒክ ጨዋታው የተሰየመው በመቅደሱ ነው። ብዙ ሰው ጨዋታው በተራራው ሥር ይካሄድ ነበር ይላል። ተሳስቷል፤ በመካከላቸው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የአውቶቡስ ፌርማታችንም ስሙ የመቅደሱ እንጂ የተራራው አይደለም። ኦሊምፒያድ ደግሞ ከጨዋታ እስከ ጨዋታ ያለው 4 ዓመት ነው፤ ግሪኮች ከ776 ዓመተ ዓለም ጀምረው ዘመን ይቆጥሩበት ነበር።

ሚኒ ሚድያ፦ እሺ፣ ርእሱን «ቅዱሱ ተራራ» ብለው ችግር አለው?

ካርታ ወዳድ፦ አለው። ግሪኮች «አጊዮን ኦሮስ»፣ ቅዱስ ተራራ፣ ሲሉ 20 ገዳማት ያሉበትን አቶስን ነው። «የአማልክት ተራራ» በለው።