ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ያበጠ ክንድ፦ እሽቱ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂዋ፦ እናቴ በጡት ካንሰር ምክንያት ቀኝ ጡቷን ቀዶ ጥገና ስትደረግ የብብቷ ንፍፊቶችም ወጥተዋል። አሁን ክንዷ አብጧል። ሐኪሙ የሊምፍ እብጠት ነው ብሎ ለስለስ ያለ ማሳጅ አዟል፤ ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ በቅቤ ጠበቅ አድርጎ ይሻት ይላል። የቱን እንስማ?

ፊዚዮ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦ ወጌሻውን ተዪው እህቴ። ለውልቃት ያውቅበት ይሆናል፤ ይሄ ግን የጡንቻም የአጥንትም ነገር አይደለም። ሊምፍ የሚባለውን፣ ከደም ሥር ወጥቶ በሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ፈሳሽ የሚሰበስቡት ቀጫጭን ቱቦዎች ከቆዳ ሥር ወዲያው ነው ያሉት። ጠንካራ እሽት ወደ ቦታው ደም ይስባል፣ ከደም ሥር የሚወጣው ፈሳሽ ይጨምራል፣ እብጠቱ ይብሳል። ቅቤም ዘይትም አይቀባ፤ እጅሽ ከተንሸራተተ ቆዳውን መሳብ አትችዪም፣ ሥራው ደግሞ እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካበጠው ቦታ ሲጀምር ነው። የቀኝ ብብቷ ንፍፊቶች ስለወጡ ፈሳሹ በሌላ በኩል መውረድ አለበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ መውረጃው ይከፈት። 5 ጊዜ በሆዷ በጥልቅ ትተንፍስ። ከዚያ ከአንገቷ ግርጌ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች፣ ቀጥሎ የግራ ብብቷን፣ ከዚያ የቀኝ ብሽሽቷን በቀስታ ማሸት ነው። አሁን ፈሳሹን ከቀኝ ደረቷ ወደ ግራ ብብት፣ ከቀኝ ጎኗ ወደ ብሽሽት ምሪው። ክንዱ ከዚህ በኋላ ነው፦ መጀመሪያ ከክርን በላይ፣ ቀጥሎ ከክርን በታች፣ እጅና ጣት መጨረሻ፤ አቅጣጫው ሁሌም ወደ ትከሻ። መዳፍሽን አሳርፈሽ ቆዳውን በቀስታ ሳብ፣ ከዚያ ልቅቅ፤ በየቦታው ከ5 እስከ 7 ጊዜ። ቆዳው ከቀላ ኃይል አብዝተሻል።

ነርስ፦ ትክክል፤ ግን ፋሻ ወይም የግፊት እጅጌ (ክንዱን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ እጅጌ) ካልተከተለው ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላል። ፋሻው ብዙም የማይለጠጥ ዓይነት ይሁን፤ እጅ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ይላል። ጣቷ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ቶሎ ይፈታ። አጠማጠሙን ግን አንዴ ባለሙያ ያሳይሽ። እንጀራ በዚያ እጅ አትጋግር፤ የምጣድ ቃጠሎ ለኢንፌክሽን በር ነው። የልብ ድካም ካለባት ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳትጀምሩ፤ የተገፋው ፈሳሽ ዞሮ ዞሮ ወደ ልብ ነው የሚመለሰው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ክንዷ ቀላ ብሎ ይሞቃል፤ ዛሬ ልጀምርላት?

ፊዚዮ፦ በፍጹም! ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ እሽት ያሰራጨዋል። ትኩሳት ባይኖራትም ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እብጠቱ በድንገት ጨምሮ የሚያም ከሆነም ንገሪያቸው፣ የደም መርጋት አለመኖሩን በአልትራሳውንድ ያዩታል። ማሳጁ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይደርሳል።